ሌሊቱ የማን ነው? በቤት ውስጥ አትክልት መነሻነት ስለ ዕረፍት የቀረበ አሳብ

ሰው ቀኑን የሚመዝነው በሠራበት ነው። ሲመሽ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል እንጂ፣ ሲነጋ «ሌሊቱን እንዴት ዐረፍሁ?» ብሎ ራሱን የሚመረምር ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ሌሊት በብዙዎቻችን ዘንድ የባከነ ጊዜ፣ ዕረፍትም ለደካማ ሰው በምሕረት የተፈቀደ ነገር መስሎ ይታያል። ጠንካራ የሚባለው ጥቂት የሚተኛው ነው፤ ባለሙያ የምትባለውም ከቤተ ሰቡ ሁሉ በኋላ የምትጋደመውና ከሁሉም በፊት የምትነሣው ናት። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ዕረፍት በሥራ የሚገዛ ዋጋ ነውን? ወይስ ሕይወት ላለው ፍጡር ሁሉ ከሕይወቱ ጋር አብሮ የተሰጠ ድርሻ? ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ በቤታችን ውስጥ ማን እንደሚያርፍና ማን እንደማያርፍ የሚወስን ስለ ሆነ፣ ተራ ክርክር አይደለም።

ነገሩን ለመመርመር ከሩቅ መነሣት አያስፈልገንም። በመስኮታችን ሥር በሸክላ ወይም በዘይት ቆርቆሮ የተከልናቸው አትክልት ሌሊቱን ከእኛ ጋር ያሳልፋሉ። እኛ መብራት አጥፍተን ስንጋደም እነርሱ ምን ያደርጋሉ? ያርፋሉን? ዕረፍታቸውስ ምን ዐይነት ነው? በመጀመሪያ ይህን እንመልከት፤ ቀጥሎም ወደ ራሳችን እንመለሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሚታጠፉ ቅጠሎች

ግራርን በምሽት ያስተዋለ ሰው ቅጠሎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚገጥሙ ያውቃል። በቤት ውስጥ ከሚተከሉትም መካከል ይህን የመሰለ ጠባይ ያላቸው አሉ። ማራንታ የምትባለው ተክል ቀን ቅጠሏን ዘርግታ ትውልና ሲመሽ ወደ ላይ ታነሣዋለች፤ እጆቹን ለጸሎት ያጋጠመ ሰው ስለምትመስልም በሌሎች አገሮች ስሟ ከጸሎት ጋር ተያይዞ ይጠራል። ቅጠሏ ሦስት ሦስት የሆነው ኦክሳሊስ ደግሞ እንደ ጃንጥላ ትታጠፋለች። ይህን እንቅስቃሴ የሚያስገኘው በቅጠሉ ግርጌ ያለ ትንሽ እብጠት ነው፤ በአንዱ ወገን ያሉት ሕዋሳት ውኃ ሲሞሉ፣ በሌላው ወገን ያሉት ሲጐድሉ፣ ቅጠሉ እንደ ጉልበት ይታጠፋል።

ሰዎች ይህን ያስተዋሉት ከጥንት ጀምሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ምእት ዓመት በታላቁ እስክንድር መርከቦች የተጓዘው አንድሮስቴኔስ፣ ዛሬ ባሕሬን በምትባለው ደሴት ሑመር የሚባለው ዛፍ ማታ ማታ ቅጠሉን እንደሚገጥም ጽፎአል፤ የአገሩም ሰዎች ዛፉ ይተኛል ይሉ እንደ ነበር ይነገራል። ለብዙ ዘመንም ምክንያቱ የብርሃን መጥፋት ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1729 ግን ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ማታ ቅጠሏን የምታጥፍ አንዲት ተክል ፀሐይ ፈጽሞ በማይደርስበት ጨለማ ስፍራ አኖረ። ተክሊቱም ቀንና ሌሊት ሳይለይላት እንኳ በሰዓቷ ትዘረጋ፣ በሰዓቷ ትታጠፍ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1832 የስዊሱ ሊቅ ደ ካንዶል፣ እንዲህ ያለች ተክል በማያቋርጥ ብርሃን ውስጥ ስትቀመጥ የራሷን ዑደት ከ22 እስከ 23 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደምትፈጽም አሳየ። የቀንና የሌሊት ልክ በተክሊቱ ውስጥ አስቀድሞ አለ ማለት ነው፤ ፀሐይ በየቀኑ ታስተካክለዋለች እንጂ ከውጭ አታመጣውም።

ቻርልስ ዳርዊንም ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ልብ የሚነካ ሙከራ ይገኛል። አንዳንድ ቅጠሎችን ሌሊት እንዳይታጠፉ በመርፌ ወጥረው ጥርት ባለ ሰማይ ሥር አሳደሯቸው፤ እንደ ልማዳቸው ከታጠፉት ይልቅ የተወጠሩት በብርድ ይበልጥ ተጐዱ። እንዳይታጠፍ የተከለከለ ቅጠል ለብርድ ተጋልጦ አደረ ማለት ነው።

ሌሊት የሚሠራ ሥራ

ቅጠሉ ታጠፈም ተዘረጋም፣ ሌሊት ለተክል ባዶ ጊዜ አይደለም። ቀን በብርሃን አስተፃምሮ ከአየርና ከውኃ ምግቡን ያዘጋጃል፤ ከዚያም የተወሰነውን በቅጠሉ ውስጥ በስታርች መልክ ያስቀምጣል። ሲመሽ ምግብ ማዘጋጀቱ ይቆምና ያከማቸውን ቀስ በቀስ እያወጣ ለዕድገትና ለጥገና ያውለዋል። በእንግሊዝ አገር በጆን ኢነስ የምርምር ማእከል የሚሠሩ ሊቃውንት ከሰናፍጭ ወገን በሆነች አንዲት ትንሽ ተክል ላይ የደረሱበት ነገር ያስደንቃል። ተክሊቱ ያከማቸችውን ስንቅ ንጋት ላይ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ በእኩል መጠን እያካፈለች ታድራለች። ሌሊቱ ከወትሮው ቀድሞ እንዲገባባት ቢደረግ እንኳ፣ የስንቋን መጠንና የቀረውን ጊዜ አገናዝባ አወጣጧን ትቀንሳለች። ይህ ግኝት በ2010 ታትሞ ወጥቶአል። ስንቁን በችኰላ የጨረሰ ተክል ሳይነጋ ይራባል፤ ያለ መጠን የሰሰተም ዕድገቱን ያጣል። ስለዚህ የተክል ሌሊት ሥራ የሌለበት ጊዜ ሳይሆን፣ ቀን ሊሠራ የማይችል ሌላ ዐይነት ሥራ የሚከናወንበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ በየቤቱ ስለሚሰማ አንድ ፍርሃት መናገር ተገቢ ነው። «አበባ ሌሊት አየር ይቀማል፤ መኝታ ቤት አይደር» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አሳቡ መሠረት የለውም አንልም። በ1779 ያን ኢንገንሃውስ የተባለ ሐኪም፣ ዕፅዋት በፀሐይ አየርን እንደሚያጠሩ፣ በጨለማ ግን እንደ እንስሳት አየርን እንደሚያውኩ ጽፎ ነበር። እውነትም ተክል ሌሊት ኦክስጅን ይወስዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ነገር ግን በዕቃ የተተከሉ ጥቂት አበቦች የሚወስዱት ከአንድ የተኛ ሰው እስትንፋስ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው። ወንድሙ በአጠገቡ መተኛቱን የማይፈራ ሰው አበባን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ይልቁንስ የሚያሳዝነው፣ አበባውን ወደ በረንዳ አውጥቶ የከሰል ምድጃውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያሳድር ሰው መኖሩ ነው። ገዳዩ ከሰሉ ነው፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተኝተው ያሉትን ሳይቀሰቅስ ይወስዳቸዋል። ይህን በየቤቱ መናገር የሁላችንም ግዴታ ይሁን።

ሁሉ አንድ ዐይነት ሌሊት የለውም

አትክልት ሁሉ ደግሞ በአንድ ሥርዐት አያድሩም። እሬት፣ ቁልቋልና እንዳሁላ የመሳሰሉት ደረቅና ሙቅ ስፍራን የሚችሉ ዕፅዋት፣ ቀን በፀሐይ ጊዜ የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቢከፍቱ ያላቸውን ውኃ በትነው ይጨርሱታል። ስለዚህ ቀን ቀዳዳቸውን ዘግተው ይውላሉ፤ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍቱታል፤ ያገኙትንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጠው በማግሥቱ በብርሃን ይጠቀሙበታል። በ1815 በታተመ ደብዳቤው ቤንጃሚን ሄይን፣ ከእንዳሁላ ጋር የአንድ ወገን የሆነች ተክል ቅጠሏ ጠዋት ሲቀምሱት እንደሚኮመጥጥ፣ ወደ ቀትር ግን ጣዕም እንደማይኖረው አስተዋለ። ሌሊት የተከማቸው አሲድ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዕረፍት ለሁሉ በአንድ ሰዓት ባይሆንም ለሁሉ ሰዓት ያለው መሆኑን ነው። ሌሊት የሚሠራው እሬት ቀን ቀዳዳውን ይዘጋል እንጂ ሁለቱንም ልክፈት አይልም፤ ቢል ይደርቃልና።

የተሰበረ ሌሊት

ስለ ጨለማ አስፈላጊነት ደግሞ የምናውቀው ምስክር አለ። በየግቢያችንና በየቤተ ክርስቲያናችን አጥር የሚተከለው፣ በልደት በዓል አካባቢ አናቱ የሚቀላው ፖይንሴቲያ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ቀይ የሚሆኑት ቅጠሎቹ ናቸው፤ እውነተኛ አበቦቹ በመካከል ያሉት ትንንሽ ቢጫዎች ናቸው። ይህ ተክል የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። በሰሜን አገሮች በቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ሰዎች እንዲቀላላቸው በየሌሊቱ ለ14 ሰዓት ያህል ብርሃን በማይገባበት ስፍራ ያኖሩታል፤ ይህንም ለሳምንታት ይደጋግሙታል። በአገራችን ግን ከመስከረም በኋላ በጥቂቱ የሚረዝመው ሌሊት ይበቃዋል። የመንገድ መብራት ሌሊቱን ሁሉ የሚያበራበት ቅርንጫፍ ግን ጎረቤቶቹ ሲቀሉ አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በ1938 ሐምነርና ቦነር የተባሉ ተመራማሪዎች ረጅም ሌሊት በሚፈልግ አንድ አረም ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ቀኑን በአጭር ጨለማ ማቋረጥ ምንም እንደማይለውጥ፣ ረጅሙን ሌሊት ግን በአጭር ብርሃን ማቋረጥ ተክሉን ከማበብ እንደሚከለክለው አረጋገጡ። በተክሉ ዘንድ በመካከሉ የተቋረጠ ረጅም ሌሊት እንደ ሁለት አጫጭር ሌሊቶች ነው፤ ከሁለቱም አንዱ ለማበብ አይበቃውም። ይህን ነገር ልብ እንበል፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ከአትክልት ምግባር ይማራልን?

አንድ አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቃወመን ይችላል። «ተክል የሚያደርገውን የሚያደርገው ሳይመርጥ ነው፤ ሰው ግን ነጻ ፈቃድ አለው። ተፈጥሮ የሚሆነውን ታሳያለች እንጂ መሆን የሚገባውን አታዝም። ተክል ስላረፈ ሰው ማረፍ አለበት ማለት፣ አንበሳ ስለሚገድል ሰው ይግደል እንደ ማለት ነው» ሊለን ይችላል። ተቃውሞው ትክክለኛ ነው፤ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም።

አሪስጣጣሊስ ስለ እንቅልፍ በጻፈው ድርሳኑ ዕፅዋት አይተኙም ብሎአል። ምክንያቱንም ሲገልጽ፣ እንቅልፍ የስሜት ሕዋሳት ዕረፍት ስለ ሆነ፣ የማይሰማው ፍጡር አይነቃም፤ የማይነቃም አይተኛም ይላል። ዛሬም ቢሆን የተክልን ዕረፍት «እንቅልፍ» የምንለው በምሳሌ ነው፤ አንጎልም ነርቭም የለውምና። ነገር ግን የፈላስፋውን ነገር ገልብጠን ብንመለከተው ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት እናገኛለን። መንቃትና መተኛት የአንድ ፍጡር ሁለት ገጾች ከሆኑ፣ የሰውን ንቃት የሚፈልግ ሁሉ እንቅልፉንም መቀበል አለበት። የሠራተኛውን ጕልበት፣ የተማሪውን ትኵረት፣ የእናትን ትዕግሥት እየፈለግን ሌሊታቸውን የምንንቅ ከሆነ፣ ፍሬውን ወደን ሥሩን የምንቈርጥ ነን።

ስለዚህ ተክል ምግባር አያስተምረንም፤ ፍጡርነታችንን ግን ያስታውሰናል። ፍጡር የሆነ ሁሉ ልክ አለው። ይህ ልክ በድካም ወይም በኀጢአት የመጣ ጉድለት አይደለም፤ ከአፈጣጠሩ ጋር የተሰጠ ነው። ተክል ልኩን በግድ ይጠብቃል። ሰው ግን የራሱንም የሌላውንም ልክ ማፍረስ ይችላል፤ ምግባር የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ነጻነታችን ከተክል የሚለየን፣ ሌሊትን መንጠቅም ሌሊትን ማክበርም የምንችል ስለ ሆንን ነው።

ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 በተናገረው ምሳሌ፣ ዘሩን የዘራው ሰው ሌሊት ይተኛል፣ ቀን ይነሣል፤ ዘሩ ግን እርሱ እንዴት እንደ ሆነ ሳያውቅ ይበቅላል። ገበሬው ስለ ተኛ አልተወቀሰም። መተኛቱ፣ ሁሉ በእጁ እንዳልሆነ ማመኑን ያሳያልና።

የተሰጠ ሌሊትና የተነጠቀ ሌሊት

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ዕረፍት በሥራ የሚገዛ ዋጋ ቢሆን ኖሮ፣ ሕፃኑና በሽተኛው፣ ሽማግሌውም ሥራ ያጣውም ማረፍ ባልተገባቸው ነበር። እንዲህ የሚል ሰው የለም። እንዲያውም የሰንበት ሕግ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሲነገር፣ የሚያርፉት እነማን እንደ ሆኑ አንድ በአንድ ተቈጥረዋል፤ የቤቱ ጌታ ብቻ አልተጠራም፤ ልጆቹ፣ ወንድ አገልጋዩና ሴት አገልጋዩ፣ በሬውና አህያው፣ በደጁ ያለው መጻተኛም ተጠርተዋል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ ምድሪቱ ራሷ በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዝዞአል። ዕረፍት ጌታው ለአገልጋዩ የሚቸረው ስጦታ ቢሆን ኖሮ ትእዛዝ ባላስፈለገው ነበር። ትእዛዝ የሆነው የሌላው ድርሻ ስለ ሆነ ነው።

ይህ ማለት ግን ሌሊት የሚነቃ ሁሉ ተበድሎአል ማለት አይደለም። የታመመ ልጇን ታቅፋ የምታድር እናት፣ በሆስፒታል ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ለማኅሌትና ለጸሎት የሚቆም መነኵሴ ሌሊታቸውን ሰጥተዋል። ፍቅር ዕረፍቱን ሊሰጥ ይችላል፤ የራሱን ነውና። በደል የሚሆነው የሌላውን ሌሊት መንጠቅ ነው። የሰጠውም ሰው ቢሆን እንደ እሬቱ ሌላ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ሌሊት በጥበቃ ወይም በዳቦ ቤት ምድጃ ሥር ያደረ ሰው ቀን ሲተኛ «ሰነፍ» ሊባል አይገባውም፤ በደጁም ጩኸት ሊበዛበት አይገባም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በብዙ ቤቶች ከገጠር የመጣች ልጅ በሠራተኝነት ትኖራለች። ኵሽና ውስጥ ወይም ሳሎን ወለል ላይ ትተኛለች፤ ሰዎቹ ቴሌቪዥን አይተው ሳይጨርሱ መጋደም አትችልም፤ እንግዳ ቢመጣ ቡና ታፈላለች፤ ሕፃን ቢያለቅስ እርሷ ትቀሰቀሳለች፤ ንጋት ሳይሆን ደግሞ የልጆቹን ቍርስ ታዘጋጃለች። ቀን «ሥራ የላትም፣ ቁጭ ብላ ትውላለች» ሲባል እንሰማለን። የዕረፍቷን ሰዓት አንድ በአንድ ብንደምረው ምናልባት ብዙ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ያንን አረም እናስታውስ፦ የተሰበረ ሌሊት በድምር ሌሊት አይሆንም። የማትጠራበት፣ የማትፈራበት፣ የራሷ የሆነ ያልተቋረጠ ጊዜ የሌላት ልጅ ዐርፋለች ልንል አንችልም።

ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሄዱ እኅቶቻችንና ልጆቻችን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ እንደሚተኙ በስልክ ሲነግሩን እናዝናለን፤ እንቈጣለንም። ቍጣችን ተገቢ ነው። ነገር ግን በጅዳ ወይም በቤይሩት በደል የሆነው፣ በእኛ ኵሽና ሲሆን ልማድ ሊባል አይችልም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣው 189ኛው ስምምነት፣ የሳምንት ዕረፍታቸው ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እንዲሆን ደንግጎአል። «ተከታታይ» የሚለው ቃል ዋና ነገር ነው። ክርስቲያን ቤተ ሰብ ግን ይህን ለማክበር የሕግ አስገዳጅነትን መጠበቅ የለበትም።

በየቤተ ሰቡ የሚነጠቁ ሌሎች ሌሊቶችም አሉ። ባል ዐርፎ ሚስት ብቻዋን ስትነሣ፣ ተማሪ ልጅ በፈተና ሰሞን እንቅልፍ እንደ ነውር ሲቈጠርበት፣ ጎረቤት በድምፅ ማጉያ ሲታወክ፣ ሌሊቱ ተነጥቆአል። እኛም የገዛ ሌሊታችንን በእጃችን በያዝነው ስልክ ብርሃን እየቈራረስን እንጥለዋለን፤ ማንም ሳያስገድደን በመንገድ መብራት ሥር እንዳለው ቅርንጫፍ እንሆናለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። በየቤታችን ለሠራተኛዋ የመኝታ ሰዓት ይወሰን፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ ውኃ የጠማው ራሱ ተነሥቶ ይቅዳ። የምትተኛበት ስፍራ በር ያለው፣ መብራቱን ራሷ የምታጠፋው ይሁን። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ሌሊቱ በተራ ይከፈል። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉውን የራሷ ይሁን፤ ቅዳሴ ብትሄድም፣ ዘመዶቿን ብትጠይቅም፣ ብትተኛም ማንም አይጠይቃት።

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ደግሞ ሦስተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምሩ፣ ልጆቹ በቤታቸው ያለውን ተክል ማታና ጠዋት እንዲመለከቱ ቢያዝዟቸው መልካም ነው። ቅጠሉ ሲመሽ እንዴት ነበር? ሲነጋስ? ይህን ካስተዋሉ በኋላ አንድ ሌላ ጥያቄ ይጨመርላቸው፦ «በቤታችሁ በመጨረሻ የሚተኛው ማን ነው? በመጀመሪያ የሚነሣውስ?» ልጆች የሚሰጡት መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ይሆናል። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ልጆቹ ለወላጆቻቸው ይንገሩ፤ የሚቀረው የእኛ የወላጆቹ ሥራ ነው።